ድምፅ በምሰሶው ውስጥ ሲያልፍ

ሰኞ

የሳሎናችን ምሰሶ ስንጥቅ አድጓል። ባለፈው ሳምንት ከሶፋው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ጣሪያው ሊደርስ ነው። ባለቤቴን ጌቱን ጠርቼ ባሳየው «የቀለም ነው» አለኝ። የቀለም ስንጥቅ ጥፍር ያስገባል እንዴ? ይሄ ሰው ክፉ ወሬ ላለመስማት የማይፈጥረው ምክንያት የለም።

ከእኛ በታች የምትኖረው ማማ ንጄሪ ደረጃ ላይ በልጄ ስም ጠርታ ያዘችኝ። «ማማ ፌቨን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትዘሉ ጣሪያዬ ይንቀጠቀጣል። ቤቱን የሰነጠቃችሁት እናንተ ናችሁ።» የጸሎት ቡድናችን ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ነው የሚሰበሰበው። ከበሮ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ወጣቶቹማ መዝለል ከጀመሩ የሚያቆማቸው የለም። ቀኑን ሙሉ «እውነት እኛ ሰንጥቀነው ይሆን?» እያልኩ ዋልኩ።

ማክሰኞ

የሕንፃው ተቆጣጣሪ ኬርቴከሩ በየቤቱ እየዞረ ተናገረ፦ አከራያችን ላንድሎርዱ ሐሙስ ኢንጂነር ይልካል። የሳሎናችን ምሰሶ ምርመራውን ካላለፈ ሕንፃው ውስጥ ያለነው በሙሉ እንወጣለን።

ናይሮቢ ከመጣን ስንት ቤት ቀየርን! እዚህ ካሳራኒ ነው ጎረቤት ስሜን ያወቀው። ፌቨንም ትምህርት ቤቷ በእግር ነው። መውጣት አልፈልግም። አልፈልግም።

ልጄ ግን ምሰሶውን እንዴት እንደሚመረምሩት ስታነብ ዋለች። «ማሚ፣ በሳውንድ ነው ቼክ የሚያደርጉት። በአንድ በኩል ይልኩታል፣ በሌላው በኩል ለመድረስ ስንት እንደፈጀበት ያያሉ።» ድምፅ በአየር ቀርፋፋ ነው፣ በውኃ ይፈጥናል፣ በኮንክሪት ይብሳል፣ በብረትማ አይጣል ነው አለችኝ። እኔ ድምፅ የትም ቢሄድ ያው ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ጆሮዬን የደረጃው ብረት ላይ አስለጥፋ ከታች አንኳኳች። «ሁለት ጊዜ ሰማሽ? አንዱ በብረቱ፣ አንዱ በአየሩ?» አንድ ነው የሰማሁት። ብረቱ አጭር ሆኖ ነው አለች። ጆሮዬ ግን ጥርት አድርጎ ሰምቷል።

ረቡዕ

ቤቱን ስወለውል ዋልኩ። ሳምቡሳ ጠቀለልኩ። ጌቱ ከሥራ ሲመለስ ጀሶ ይዞ መጣ። ምንም ሳንነጋገር ስንጥቁን ሞላነው፣ ዙሪያውንም ለቀለቅነው፣ ሲደርቅ ቀለም ቀባነው። አምሮበታል።

ኢንጂነር የሚመጣው ያንኑ ስንጥቅ ለማየት መሆኑን ሁለታችንም ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ግን እንግዳ ይመጣል ከተባለ እጃችን አያርፍም። ገበና እንዴት ተከፍቶ ይታያል?

ሐሙስ

ኢንጂነሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ገመድ ያለው ትንሽ ሣጥን ይዛለች። ምሰሶውን ቅባት ስትቀባው እኔ ከኋላዋ በጨርቅ መጥረግ! «ማዳም፣ እባክዎ ይተዉት» አለችኝ። ቅባቱ በማሽኑና በምሰሶው መሃል አየር እንዳይገባ ነው ለካ። ፌቨን በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች።

«ይሄ ቦታ በቅርቡ ተነክቷል?» ብላ ጠየቀች። ጌቱ አፌን ሳልከፍት «ኧረ አልተነካም» አለ። እኔ ጨርቁን ማጠፍ ጀመርኩ።

ለካች፣ ደግማ ለካች። ፊቷ ተለወጠ። «ድምፁ ዘገየ። ደህና ኮንክሪት ቢሆን ቶሎ ይደርስ ነበር። ውስጡ ክፍተት ካለ ግን ዞሮ ነው የሚሄደው።» ዋናው መንገድ ቲካ ሮድ ሲዘጋ ታክሲው ማታቱ በሰፈር ውስጥ ዞሮ እንደሚደርሰው መሆኑ ነው። ማማ ንጄሪ በር ላይ ቆማ ማሽኑን ሳይሆን እኔን ታያለች።

ነገ ደግሜ ለክቼም እንዲሁ ከሆነ ሰው መውጣት አለበት ብላ ሄደች። ሳምቡሳውን አልቀመሰችም።

ዓርብ

ጠዋት ከጌቱ ጋር ተጣላን። «አሁን ብንናገር እንዋረዳለን» ይላል። «ሳንናገር ቀርተን የዚህ ሕንፃ ሰው ሁሉ ቢፈናቀልስ? ከጀሶው ሥር ምሰሶው እውነትም ተበልቶ ቢሆንስ?» አልኩት። ዝም አለ። ጌቱ ዝም ካለ ተሸንፏል ማለት ነው።

ኢንጂነሯ ስትመጣ ኬርቴከሩም ማማ ንጄሪም ባሉበት ተናገርኩ። «ጀሶ ነው። ረቡዕ ዕለት እኛው ነን የሞላነው። አፍረን ነው።» ኢንጂነሯ አልተቆጣችም፤ «ከጀሶውና ከልስኑ ሥር አየር ካለ ድምፁን እሱ ነው የያዘው። ይፈንቀል» አለች። ጌቱ ራሱ መሮ አምጥቶ ኮንክሪቱ እስኪታይ ፈነቀለው። የደበቀ እጅ ይፈንቅል!

እንደገና ተቀባ። በዚህኛው የቅባቱን ቆርቆሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከላይ ለካች፣ ከመሃል፣ ከታች። «አለፈ፤ ቶሎ ነው የደረሰው» አለች። የተሰነጠቀው ልስኑ ነው፣ ውስጡ ጤነኛ ነው።

«በዝላይ አይሰነጠቅም?» አልኳት፣ ማማ ንጄሪ እንድትሰማ ጮክ ብዬ። «ልስኑ መጀመሪያውኑ በደንብ አልያዘም። እናንተ አይደላችሁም» አለች። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የሌሎቹን ቤቶች ምሰሶ ሰኞ ትለካለች፤ እስከዚያ ግን ውጡ አላለችንም።

ቅዳሜ

ቡድኑ መጣ። «ዛሬ ቁጭ ብለን ነው» አልኳቸው። ከበሮውን አልጋ ሥር ከተትኩት። ሕፃን እንደተኛበት ቤት በሹክሹክታ ዘመርን። የሁሉም ዓይን የተፈነቀለው ምሰሶ ላይ ነው። ኢንጂነሯ ደህና ነው ብትልም ልባችን ገና አላመነም።

በሩ ተንኳኳ። ማማ ንጄሪ ናት። ሹክሹክታውም በዛባት ብዬ ደነገጥኩ።

«ማማ ፌቨን፣ ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ? ሳትሰናበቱኝ የወጣችሁ መስሎኝ እኮ ነው» አለችኝ።

በሩን ወለል አድርጌ «ካሪቡ፣ ግቢ» አልኳት። ገብታ ምሰሶው ሥር ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ጌቱ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሰኞ ምን እንደሚባል አላውቅም። ሄጄ ከበሮውን አወጣሁና ለፌቨን ሰጠኋት፤ «ቀስ አድርገሽ» አልኳት። ማማ ንጄሪ ግን ቀድማ ማጨብጨብ ጀምራ ነበር።