የስላሎም ምሰሶና የፓርኪንጉ ኮን

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኮሎምበስ

ክረምቱን በሙሉ በቴሌቪዥን የተከታተልኩት የሴቶች የስላሎም ስኪ ውድድር ዛሬ ጠዋት አለቀ። ልጆቹ በበረዶው ላይ እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ምሰሶዎቹን በክንዳቸው ገፍተው ያልፋሉ። ምሰሶው ጎንበስ ይልና መልሶ ይቆማል። ድምፁን አጥፍቼ ሳየው ሕልም ይሁን እውን ይምታታብኛል።

ከሰዓት ልጄ ዳዊት ክሊቭላንድ አቬኑ ካለ ባዶ ፓርኪንግ ወስዶ መኪና አለማመደኝ። ስንቱን ተማሪ ፈትኜ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሰኞ የመንጃ ፈቃድ ተፈታኝ እኔ ነኝ። ካለፍኩ ሐኪም ቤት ራሴ እሄዳለሁ፤ እሱም ከሌሊት ሥራው ሲገባ ይተኛል። ዛሬም አልተኛም።

በመሃላቸው የምነዳባቸውን የፕላስቲክ ኮኖች ደርድሮ አጠገቤ ተቀመጠ። መሪውን ስይዝ አስፋልቱ ነጣብኝ፤ ቁልቁል የምንሸራተት መሰለኝ። አንዱን ኮን ገፍቼ አለፍኩ።

“እማዬ፣ ጣልሽው እኮ!”

“ይነሣል” አልኩት።

“ኧረ ይሄ አይነሣም! ሰኞ እንዲህ ካደረግሽ ፌል ያደርጉሻል” ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ቀስ ብዬ ወርጄ ኮኑን አቆምኩት። ከዚያ እንዳላነቃው በዝግታ እየነዳሁ በኮኖቹ መሃል እንደገና ገባሁ። አንዱንም ሳልነካ ወጣሁ።

ማንም አላየኝም። እሱ ያንኮራፋ ነበር። ሰኞ አጠገቤ የሚቀመጠው ፈታኝ ግን አይተኛም።