የፌጦው ጣጣ

ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ኪንታሮቱ አልተመለሰም። ሞጣ ጤና ጣቢያ ከፊንጢጣዬ ላይ ካነሱልኝ ወዲህ ማሳከኩ አልለቅ ብሎኝ፣ ክፉ በሽታ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ ነበር። ጠዋት ልታይ ስሄድ አውቶብሱ ውስጥ መቀመጥ ቢያቅተኝ ወንበሬን ለአንድ ሽማግሌ ቄስ ለቀቅሁላቸው። እስከ ሞጣ መረቁኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አይቶ "ጓድ መምህር፣ ቁስሉ ደርቋል፤ ኪንታሮትም የለም። ምን እየቀባህበት ነው?" አለኝ።

"እናቴ የወቀጠችልኝን ፌጦ በሎሚ። ጠዋትና ማታ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳቀ። "ፌጦ ጤነኛውንም ቆዳ ይልጣል። እሱን ተውና በንጹሕ ውኃ ብቻ ታጠብ፤ ማሳከኩ ይተውሃል።"

እኔም ሳቅሁ። ለካ ኑዛዜዬን ሳሰላስል የከረምኩት በፌጦ ኖሯል።

ስመለስ ቄሱ አውቶብሱ ውስጥ ቦታ ይዘው ጠበቁኝ። "እንዳንተ ያለ ልጅ አይቆምም" ብለው ቢቸና ድረስ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እያሳከከኝ፣ እየተቁነጠነጥኩ፣ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

እናቴ ደጅ ላይ ነበረች። "ድኛለሁ" አልኳት።

"ፌጦ መቼ አሳፍሮኝ ያውቃል" አለችና የተረፈውን ይዛ ኪንታሮት ወዳለበት ጎረቤታችን ሄደች።

ልመልሳት ይገባኝ ነበር። ሳቄ አላስወራ አለኝ።