ቤት ያልገባው ጠረጴዛ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ? የእናንተ አገር ብርድ ከእኛው ይብሳል ሲባል ከሰማች ወዲህ እማዬ ካልሲ ደርበህ ታደርግ እንደሆነ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በዓይኔ ያየሁ ይመስል አዎ እላታለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፣ እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፣ ባሌም ደህና ነው። ልጄ ደግሞ ደህና ከመሆን አልፋ ቤቱን ልታፈርሰው ነው። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ፀጉር አስተካካዩ አጎቴ ሲያየኝ ይስቅብኛል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።

ሰላምታው ይብቃኝና ወደ ጉዱ ልግባ፤ ከትናንት ጀምሮ ልጽፍልህ እጄን ሲበላኝ ነው የዋለው። የዘንድሮን የገና በዓል የት እንዳከበርን መቶ ጊዜ ብትገምት አታገኘውም። ሳሎን አይደለም። አክስታችን ቤትም አይደለም። የአባባ እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው! በመጋዙና በመላጊያው መሃል፣ ካፖርታችንን እንደለበስን፣ እግራችን ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብሮ። እንዲህ ያለ በዓል አሳልፌ አላውቅም። አሁንም ስጽፍልህ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ከአንድ ወር በፊት አባባ ለበዓል አዲስ ጠረጴዛ ልሠራ ነው አሉ። አሮጌውን ታውቀዋለህ፣ በቡጢ ከመቱት ቀን ጀምሮ አንድ እግሩ ይወላገዳል። ያን ቀን አንተም እኔም አንረሳውም። አንተ እንጨቱን ትቼ ፀጉር ቤት ልገባ ነው አልክ፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት የቆምኩበትን ሙያ በመቀስ ለወጥከው ብለው ጠረጴዛውን መቱና፣ ከዛሬ ጀምሮ እግርህ የዚህን ቤት ደፍ ቢረግጥ አባት የለህም ብለው ማሉ። ሾርባው ተደፋ፣ አንተ ሻንጣህን አነሳህ፣ ይኸው አራት ዓመት ሆነ። እማዬ በለመነቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ይህን ተረት የፈጠረውን ሰው ባገኘው በማማሰያ ነበር አናቱን የምለው ትላለች እማዬ። አንተም የሳቸው ልጅ አይደለህ፣ በገዛ አፋቸው ካልጠሩኝ አልመጣም ብለህ ጻፍክልኝ። በሁለት ግትር መሃል የምትቃጠለው እሷ ናት። ሳልነግርህ ብቀር ሆዴ አይችልም፤ አምና በበዓሉ ማግስት ትተኸው የሄድከውን ሸሚዝ ከቁም ሳጥን አውጥታ አጥባ፣ ተኩሳ፣ መልሳ ስትሰቅለው አይቻታለሁ። ሸሚዙ እኮ አልቆሸሸም ነበር።

እና አባባ ጠረጴዛውን ያዙት። የደንበኛ ሥራ ሁሉ ይቆየኝ ተባለ። ማንም ወደ ሥራ ቤቱ ዝር እንዳይል ተከለከለ። ልጄ በቀዳዳ ልታይ ስትሞክር ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈኑባት። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ኑ እዩ ብለው ሲያስገቡን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሦስት ሜትር ከአርባ! ገጹ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። እግሮቹ እንደ አሮጌው በብሎን የሚፈቱ አይደሉም፣ በኮላና በእንጨት ችንካር ከገላው ጋር አንድ ሆነዋል። ባሌ መብራት ሠራተኛ ነውና ስለ እንጨት አያውቅም፤ ግን እሱ እንኳ ይሄ የስብሰባ አዳራሽ ነው እንጂ የቤት ጠረጴዛ አይደለም አለ። አባባ ገጹን በጨርቅ መወልወላቸውን ቀጠሉ።

ማስገባቱ ላይ ነው ጉዱ። ጎረቤታችን ብረት በያጁ ተጠራ፣ ባሌ ካፖርቱን አወለቀ፣ አባባ ከኋላ ያዙ፣ ግቢውን አቋርጠው በቤቱ በር አስገቡት። ግማሹ ገባ። ከዚያ ኮሪደሩን ታውቀዋለህ፣ ወደ ሳሎን የሚታጠፍበትን ያንን ጠባብ። ቀጥ አለ። ወደፊትም የለም፣ ወደኋላም የለም። አቁመው፣ አስተኛው፣ ወደ ቀኝ፣ የለም ወደ ግራ! በሕይወቷ ከማንኪያ የከበደ ነገር አንስታ የማታውቀው አክስታችን ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ብረት በያጁ ጣቱ ተጨፍልቆ በበዓል የማይነገር ነገር ተናገረ። እማዬ ደግሞ ከነዶሮዋ ኩሽና ውስጥ ተዘግቶባታል። በመጨረሻ በኩሽናው መስኮት መጀመሪያ የተጠበሰው ዶሮ ወጣ፣ ቀጥሎ የሾርባው ድስት ወጣ፣ ከሁሉም በኋላ እማዬ እኔን ይዛ፣ ጉልበቴን፣ ጉልበቴን እያለች ወጣች። ልጄ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ባሌ እግሮቹን እንቁረጣቸው አለ። አባባ አዩት ብቻ፤ ሁለተኛ አልደገመውም። ብረት በያጁ የኮሪደሩን ጠርዝ እንናደው አለ። የቤቴን ግድግዳ የሚነካ የለም አሉ። የገረመኝ ግን አለመቆጣታቸው ነው። ለጠመመ ሚስማር ሰፈሩን የሚያናውጡት ሰውዬ ያን ሁሉ ትርምስ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው ነው ያዩት። አክስታችን አልማረቻቸውም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው በር ሲለካ ኖሮ የራሱን ኮሪደር ረሳው አለች። እርጅና ነው አሉ አባባ በቀስታ። እኔ ደነገጥኩ። አባታችን ተሳሳትኩ ብለው ያውቃሉ?

ከዚያ ጠረጴዛውን በስንት መከራ ወደኋላ ስበው ወደ ሥራ ቤቱ መለሱት፤ አባባም ጠረጴዛው ወደ እኛ ካልመጣ እኛ ወደሱ እንሂዳ አሉና እኔና ባሌ ተያየን። በቃ፣ ሄድን! ማሽኖቹን አንሶላ አለበስናቸው። ባሌ ባለቀለም አምፖሎቹን ከሳሎን ነቅሎ በትልቁ መጋዝ ዙሪያ ጠመጠመ። ሁለት ማሞቂያ አንድ ላይ ሲሰካ መብራቱ ድርግም አለ፤ በሙያው ሲያፍር ያየሁት ያኔ ነው። ምግቡን እየተቀባበልን ግቢውን አሻገርነው። ቀዝቃዛው ነፋስ የድስቱን ክዳን ነጥቆ ወሰደውና ልጄ አሳዳ ያዘችው። ድንኳን ውስጥ ሠርግ በልቻለሁ፣ ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፣ እንጨት ቤት ውስጥ በዓል ግን ዕድሜ ሰጥቶኝ ዛሬ አየሁ አለች አክስታችን። ኬኩ ላይ የተነሰነሰውን ስኳር አወድሳ አወድሳ ሁለተኛ ቁራሽ ከወሰደች በኋላ እማዬ ስኳር አልነሰነስኩበትም አለቻት። ሰጋቱራ ነበር! አባባ ሳቁ። ፈገግ አሉ እያልኩህ አይደለም። እንባቸው እስኪወርድ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ሳቁ። ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ሁላችንም ዶሮውን ትተን እሳቸውን ማየት ያዝን።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ አንብብልኝ።

ከምግብ በኋላ መጥረጊያ ልፈልግ ከጣውላው ክምር ጀርባ ገባሁ። አባባ ልኬታቸውን ወረቀት ላይ እንደማይጽፉ አንተም ታውቃለህ፣ ግድግዳው ነው ደብተራቸው። እዚያ በእርሳስ የተጻፈ አየሁ። የኮሪደሩ መታጠፊያ፣ አንድ ሜትር ከአምስት። የጠረጴዛው ርዝመት፣ ሦስት ሜትር ከአርባ። ከሥሩ አይገባም የሚል ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቀኑንም አስፍረውታል፣ ገና አንድ ጣውላ ሳይቆርጡ በፊት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዞር ስል አባባ ከጠረጴዛው ጫፍ እያዩኝ ነው። የሥራ ልብሳቸውን አንስቼ ጽሑፉ ላይ ሰቀልኩበትና መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

ተመልሼ ስቀመጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይሄ ጠረጴዛ ከዚህ አይነቃነቅም፣ የአዲስ ዓመቱንም በዓል ከስምንት ቀን በኋላ እዚሁ ነው የምናከብረው አሉ። ቀጥለው፣ እንግዳ ካለ፣ በኋላው በር ይግባ፤ ቤቱን መርገጥ አያስፈልገውም አሉ። ከሥራ ቤቱ ወደ ኋላ መንገድ የሚያወጣውን በር ነው፣ ስንት ዓመት ጣውላ ተደርድሮበት የነበረውን። ጣውላው ተነስቷል። ማጠፊያው ዘይት ተቀብቷል፤ ገፋ አድርጌ ሞከርኩት፣ ድምፅ የለውም። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ግቢ ወጣች። ስከተላት ግድግዳውን ተደግፋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች፤ ምን ሆንሽ ብላት እፍ እፍ እያለች እጇን ታሞቃለች። እኔም አቀፍኳትና አብሬያት አለቀስኩ።

ወደ ውስጥ ስንመለስ አባባ ባሌን ስለ ሽቦ ዋጋ የሚጠይቁ ያህል ዘና ብለው፣ ለመሆኑ ከዚያ ከተማ የሚነሳው የማለዳ አውቶቡስ እዚህ ስንት ሰዓት ይደርሳል አሉት። ያ ሞኝ የቱ ከተማ አላቸው! አክስታችን ከጠረጴዛው ሥር ቅልጥሙን ስትለው ነቃና፣ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ አለ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ አድርገው ሲዳብሱ ቆዩና፣ ፀጉሬም አድጓል፣ እዚህ ሰፈር ደህና የሚቆርጥ ሰው ጠፋ አሉ።

የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። ና አላሉም፤ ብለዋል ብዬም አልዋሽህም።

ያ የእናታችን አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ እጅህን ይባርክልህ፣ ከብርድና ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። የሥራ ባልደረቦችህን ሰላም በልልኝ። ደብዳቤው ሳይዘገይ እንዲደርስህ ዛሬውኑ ሮጬ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ