ስም የተጠራበት ትምህርት

ከናሪን ተራሮች፣ የካቲት 3

ለልጆቼ አባት፣

የሩሲያ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ስልኬን ማንሳት ከተውክ ሰነበትክ፤ ስለዚህ ይህን ወደ አንተ በሚመጣው የአጎትህ ልጅ እጅ ላክሁት። እኛም ልጆቹም ከብቶቹም ደህና ነን። ቤቱ ግን ደህና አይደለም። ከወንድምህ የሰማኸው ግማሹን ነው፤ ሌላውን ከእኔ ስማው።

በረዶ መንገድ ሲዘጋ፣ ተራራ ላይ ከከብት ጋር ለሚከርሙት ተማሪዎቼ ትምህርቱን በፖድካስት እየቀዳሁ እንደምልክ ታውቃለህ። ስድስተኛው ቅጂ ስለ መንደራችን ቦይ ታሪክ ነበር። ያስቆፈሩት አባትህ ናቸው፤ ምራት ደግሞ በባህላችን የአማቷን ስም አትጠራም። ስለዚህ «የቤታችን ትልቅ ሰው» ብዬ አለፍኩት። «ቦዩን ማን አስቆፈረው?» ብዬ ብፈትናቸው አሥራ አንዱም «የቤታችን ትልቅ ሰው» ብለው ጻፉልኝ! አንዱማ «የእኛ ቤት ትልቅ ሰው አያቴ ነው፤ እሱ ግን አካፋ ጨብጦ አያውቅም» ብሎ ጨመረበት። ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። እንደገና ቀዳሁትና ስማቸውን ጠራሁ።

እናትህ ከጎረቤት ስልክ ሰሙት። «አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሰባት ወልጄለት፣ ስቀብረው እንኳ ስሙ ከአፌ አልወጣም! አንቺ በየእረኛው ኪስ በተንሽው!» አሉኝ። እስከ አዲስ ዓመታችን፣ እስከ ኖሩዝ በዓል ካላጠፋሁት ወደ አባቴ ቤት እንድመለስ ቆርጠዋል። ወንድምህ ደግሞ «እሱም አጥፊው ብሏል» አለኝ። አንተ? በወንድምህ አፍ? ከእናትህ ቁጣ ይልቅ ያመመኝ ይሄ ነው።

ትናንት ከሰዓት እናትህ ክፍሌ ድረስ መጡ።

«ከማጥፋትሽ በፊት አሰሚኝ።»

አሰማኋቸው።

«ድገሚው እስቲ።»

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በሦስተኛው፣ የባላቸው ስም ሲጠራ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው «በቃ፣ አጥፊው» ብለው ወጡ።

አንጀቴን በሉት። እፈራቸዋለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ግን አላጠፋውም። መንደሩን ውሃ ያጠጣ ሰው ስሙ ካልታወቀ እኔ ምን አስተማርኩ? ራስህ ለእናትህ ደውልላቸው፤ ካልሆነም «ውጪ» የሚለውን ከአንተ አፍ ልስማው። ያኔ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ።

ቦዩን ያስቆፈሩት ሻርሼን ናቸው። ይኸው፣ በእጄም ጻፍኩት።

አላህ በሰው አገር ይጠብቅህ፤ የመመለሻህን መንገድ በረዶ አይዝጋው።

ባለቤትህ ቡሩል