ለተቆለፈው ኪኒን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ለአቶ ዘመኑ
ላስታ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ከረሙ? የላስታ ብርድ ሳይደፍርዎ፣ እንቅልፍዎም ሳይጓደልብዎ ይህች ደብዳቤ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኔ በበቅሎ እንግዳና ተሳላሚ ከላሊበላ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ያደርስ የነበረው የሰውአገኝ ሚስት፣ ሰርካለም ነኝ። ባለቤቴን ከአረቄ ስላላቀቁልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ይገባኛል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፣ በጠዋት አረቄ ካልቀመሰ ጣቶቹ የበቅሎ መጫኛ መቋጠር የሚሳናቸውን ሰው፣ ከመጠጥ የጸዳ ቀበሌ ባሉት ዝግጅትዎ ላይ በገበያው መሐል አቁመው፣ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ዳግመኛ እንዳይቀምስ በመስቀላቸው እንዲገዝቱት ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ወልዲያ ላይ ያየው ሐኪም መጠጡን በአንድ ጊዜ እንዳያቆም፣ ሲያቆምም መንቀጥቀጡን የሚያረጋጋ ኪኒን፣ ከዚያም አምሮቱን የሚቀንስ ሌላ ኪኒን እየወሰደ እንዲሆን አጥብቆ ነግሮን ነበር። እርስዎ ግን ስካር የምግባር ጉድለት እንጂ በሽታ አለመሆኑን በድምፅ ማጉያ አስረዱን፤ እኛም አጨበጨብን። ግዝት በአገራችን ቀልድ አይደለምና ሰውአገኝ ያን ዕለት ቁርጡን አውቆ፣ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ሰውነቱ እየተንዘፈዘፈ፣ ላቡ ጋቢውን እያራሰ ተሸክመን ብናመጣልዎ፣ የሚያረጋጋው ኪኒን ከመደርደሪያዎ ውስጥ እያለ ሱስ ያስይዛል ብለው ስለቆለፉበት እጅ እነሣለሁ። በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ከሱስ ለመጠበቅ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ኃላፊ የትኛው አገር ይገኛል? የመንገድ ድካማችንን አይተው ውሃ አጠጡት ብለው መምከርዎንም አልረሳሁም።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዐፅማቸው ተከምሮ የሚታየው የጥንት ተሳላሚዎች ተነሥተው ደጃችን ላይ ቆመው ለሰውአገኝ ታዩት። «ሰርካለም፣ ኧረ ሰዎቹ ደክሟቸዋል፣ በቅሎዋን አውጪላቸው» እያለ ይለምነኝ ጀመር። ቢጨንቀኝ አረቄ በማንኪያ ወደ አፉ ባስጠጋለት፣ ግዝቱን ፈርቶ ጥርሱን ገጠመብኝ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ እያለቀሱ ግዝቱን ሊፈቱለት ሲደርሱ፣ ሰውነቱ ተገታትሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ነፍሱ ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደጄ ላይ ሰዎች የቆሙ ይመስለኛል። ከፍቼ ለማየት አልደፍርም፤ ባሌም ከመካከላቸው ቆሞ አየው ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ደግሞ ቢተው የሚባለውን ታናሽ ወንድሙን ለመጪው እሑድ፣ በዚያው ገበያ፣ ለዚያው ግዝት እንደጠሩት ሰማሁ። እርሱም በየጠዋቱ እንደ ወንድሙ ይንቀጠቀጣል። እባክዎን ቁልፉን ፈልገው መደርደሪያውን ይክፈቱ፤ ሐኪሙ እንዳለው በኪኒን እየረዱ ቀስ አድርገው ሊያስተዉት ከፈቀዱ፣ እኔው ራሴ እጁን ይዤ አመጣልዎታለሁ። እስከዚያው ግን ከአረቄ አብልጬ የምጠላው ነገር የሌለኝ ሴት፣ በየጠዋቱ በሲኒ እየለካሁ በገዛ እጄ እቀዳለታለሁ። ሰካራም ይበሉት፤ ብቻ በሕይወት ይቆይልኝ።

ከደጅዎ ርቃ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሣዎ፣ በትጋትዎ የትዳሯን ጭቅጭቅ ለዘለዓለም ያሳረፉላት፣

ሰርካለም

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ በየስብሰባው ሰውአገኝን እስካሁን መጠጥ ካቆሙት ሰዎች ጋር እንደሚቆጥሩት ነገሩኝ። እንዳያወጡት፤ እውነትዎን ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት ጉንጭ አልቀመሰም።