ከወረዳ ያጣነው አምቡላንስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ የዜግነት መምህራችን «ሥልጣን ወደ ወረዳ መውረዱ ምን ጠቀመን?» ብለው ጠየቁ።

እኅቴ ውዴ በምጥ ከሞተች አርባዋ እንኳ አልወጣም። ያን ቀን አባባ ወረዳ ደውለው አምቡላንስ ሲለምኑ «የሚረዳን የውጭ ድርጅት ስላቆመ ለአምቡላንሱ ጎማ የለንም፤ ዞን ጠይቁ» አሏቸው። ዞን ደግሞ «የወረዳው ሥልጣን ነው» አለ። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ እየተቀባበልን ወደ ማንኩሳ ጤና ጣቢያ ይዘናት ወጣን። መንገድ ላይ ማቃሰቷ ሲቆም ተራው የእኔ ነበር።

«አንተስ?» አሉኝ መምህሩ።

«ቀረበልን፣ ቲቸር።»

«ምኑ?»

«የለም የሚለን ሰው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስንወጣ ቃሬዛውን የተሸከምሁበትን ትከሻዬን ይዘው «ፈተና ላይ እንዲህ ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ በቀስታ።

ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?