ባሕር ውስጥ ሆኜ የለመንኩህ ቀን

ውድ አዛርያስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥር። ልታገባ ነው ሲሉ ሰማሁ። እጮኛህ ቃልኪ ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። ያወራነውን ከመንገሬ በፊት ግን በ2016 ጃንዋሪ የሄድነውን ጉዞ እንደነበረው ልጻፍልህ። አንተ ለሰው የምትነግረው ሌላ ነው አሉ።

የሥራ ባልደረባህን የሸራ ጀልባ ተውሰህ ከዊሊያምስታውን ወደብ ስንነሳ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ዲር ፓርክ መጋዘን ናይት ሺፍት፣ እኔ ቀን ቀን ጽዳት፤ ከተጋባን ወዲህ አብረን ቁርስ የበላንበት ቀን ትዝ አይለኝም። «አሁን እኔና አንቺ ብቻ» አልከኝ። የባሕሩን ዳርቻ ይዘን ሄድን። አንተ መሪውን ያዝክ፤ እኔ ገመድ ጎተትኩ፣ ድስት በባሕር ውኃ አጠብኩ፣ በሚወዛወዘው ምድጃ ላይ ሻይ አፈላሁ። ሲያስመልሰኝ በስልክህ ቀርጸህ ለቤተሰቡ ቫይበር ግሩፕ ላክኸው። እናትህ እንኳን «ኧረ ተዋት!» ብለው ጻፉልህ። እኔም እንዳይከፋህ ብዬ አብሬህ ሳቅሁ።

በማግሥቱ ፖርታርሊንግተን አጠገብ ጀልባዋን አሸዋ ላይ አስቀመጥካት። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በጀልባው መጥቶ ገመድ ወረወረልንና እየጎተተን «መሪውን ለሚስትህ ብትሰጣት ይሻልሃል!» ብሎ ቀለደ። ሳቅሁ። አንተም ሳቅህ። እስኪመሽ ድረስ ግን አላናገርከኝም።

ጠዋት ወደ ኩዊንስክሊፍ ስናመራ፣ ሳትነግረኝ ጀልባዋን አዞርካት። የሸራው አግዳሚ ብረት ትከሻዬን መታኝና ባሕር ውስጥ ወደቅሁ። ዋና እንደማልችል ታውቃለህ። ላይፍ ጃኬቱ ባያንሳፍፈኝ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ አይኖርም ነበር። ሸራውን አውርደህ፣ ሞተር አስነስተህ ስትመጣ ተረፍኩ አልኩ። እጄን ስዘረጋልህ ግን ራቅ አልክ።

«ትናንት ፈረንጁ ፊት ለምን ሳቅሽብኝ?»

«አዛሪ፣ አውጣኝ!»

«መጀመሪያ ይቅርታ በይ።»

«ይቅርታ! ይቅርታ አዛሪ!»

«አልሰማሁም። ጮክ በይ።»

ጀልባዋን በዙሪያዬ እያሽከረከርክ አስለመንከኝ። ጨዋማው ውኃ አፌን እየሞላው፣ ድምፄ እስኪዘጋ ለመንኩህ። ሲበቃህ ጎትተህ አወጣኸኝ። በፎጣ ጠቀለልከኝ፤ ግንባሬን ሳምከኝ። ከዚያ እጅህን ራሴ ላይ ጭነህ፣ ስላተረፈኝ እግዚአብሔርን አመሰገንክ፤ «አሜን» እስክልም ጠበቅህ። አይንህን ስትገልጥ «ምሳ ምንድን ነው?» አልከኝ። ፓስታ ቀቀልኩልህ። ጨው በዛበት፤ ለሱም ተቆጣኸኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥተህ «ጌታ ሚስቴን ከባሕር አወጣልኝ!» ብለህ መሰከርክ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። እኔም እንድመሰክር ማይኩን ሰጠኸኝ።

«የጣለኝም፣ ውኃ ውስጥ አቆይቶ ያስለመነኝም እሱ ነው» አልኩ።

ፓስተሩ ማይኩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና «እኅታችን ገና አልተረጋጋችም፤ እንጸልይላት» አሉ። ቀድመህ እጅህን የጫንክብኝ አንተ ነህ። በዚያው ሳምንት ልብሴን ይዤ ኮሊንግዉድ፣ አብሮ አደጌ እናኑ ዘንድ ገባሁ። ከጉባኤው ሰው አንድም «እንዴት ሆንሽ» ብሎ የደወለልኝ የለም።

ቃልኪ ስትደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እውነት ራስሽ ነሽ የዘለልሽው?» ብላ ነው። ለካ እንደዚያ ነው የነገርካት! አሁን የጻፍኩልህን ሁሉ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አሁን እኮ ተለውጧል» አለችኝ።

«ከሠርጉ በኋላ የት ልትሄዱ ነው?»

«በጀልባ። የራሱን ገዝቷል።»

«ዋና ትችያለሽ?»

ሳቀች። «አልችልም። አዛርያስ ያስተምረኛል።»

ስልኩን ዘጋች። እኔም ስንጋባ፣ ባሕር ያለበት ከተማ ልኖር ነው ብላ እናቴ ስትሰጋ ያልኳት ይህንኑ ነበር፦ «አዛርያስ ዋና ያስተምረኛል።»

መልስ አትጻፍልኝ።

ማንተግቦሽ